የሌሊት ዕረፍትና የአንጀት ጤና
ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የተዘጋጀ ትምህርት

በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች በሚገኙ አጥቢያዎች ስለ ጤና በተወያየን ቁጥር ሳይነሣ የማይቀር ጉዳይ ቢኖር የሆድ ሕመም ነው። አብዛኞቻችን ከደረት በታች የሚሰማንን ሕመም ሁሉ «ጨጓራ» ብለን በአንድ ስም እንጠራዋለን። በዚህ አንድ ስም ሥር ግን ጠባያቸውም ሕክምናቸውም የተለያየ ብዙ ሕመሞች ተሸሽገዋል። ከእነዚህ አንዱ በምርመራ ቁስል ሳይታይበት ሰውን ለዓመታት ከጤና ጣቢያ ወደ መድኃኒት ቤት፣ ከመድኃኒት ቤት ወደ ጠንቋይ ደጃፍ ሲያመላልስ የሚኖር ነው። በሕክምና ቋንቋ «ኢሪተብል ባወል ሲንድረም» ይባላል፤ በአማርኛ «የአንጀት መቆጣት» ልንለው እንችላለን።

በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ይህ ሕመም ከእንቅልፍ ልማዳችን ጋር ያለውን ግንኙነት ነው። ርእሱን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የዚህ መጽሔት አንባቢዎች በአብዛኛው ሌሊት ለአገልግሎት የሚነሡ፣ ቀን በእርሻና በኑሮ የሚደክሙ፣ ከዓመቱም ብዙውን ቀን በጾም የሚያሳልፉ ናቸው። ዓላማችን ከሌሊት አገልግሎት ማንንም ማሳነፍ አይደለም፤ አገልጋዩ እስከ ሽምግልናው ድረስ ጸንቶ የሚቆምበትን ጤና እንዲጠብቅ ማገዝ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ ቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ለጢሞቴዎስ በጻፈው መልእክት የደቀ መዝሙሩን የሆድ ሕመም ሳያነሣ አላለፈም። ስለዚህ ስለ አገልጋይ ሆድ መነጋገር ከመንፈሳዊ ቁም ነገር የሚያወርደን አይደለም።

የአንጀት መቆጣት ምንድን ነው?

የአንጀት መቆጣት ትልቁ አንጀት ሳይቆስልና ሳያብጥ ሥራው የሚታወክበት ሕመም ነው። ሕመምተኛው ሆዱን ይቆርጠዋል፤ ይነፋዋል፤ አንዳንዱን ተቅማጥ፣ አንዳንዱን ድርቀት፣ አንዳንዱንም ሁለቱ እየተፈራረቁ ያስቸግሩታል። ቁርጠቱ ብዙ ጊዜ ከተጸዳዱ በኋላ ይቀላል ወይም ይለወጣል። ሐኪሞች የሚመሩበትና እ.ኤ.አ. በ2016 የታደሰው «የሮም መስፈርት» እንደሚለው፣ ሕመሙ ከጀመረ ቢያንስ 6 ወር ሆኖት፣ ባለፉት 3 ወራት ውስጥ በአማካይ በሳምንት አንድ ቀን ቁርጠት ካለ፣ ቁርጠቱም ከመጸዳዳት ወይም ከዓይነ ምድር መጠንና መልክ መለወጥ ጋር ከተያያዘ የአንጀት መቆጣት ሊሆን ይችላል።

ይህ ሕመም የጥቂት ሰዎች ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ የታተመ፣ 33 አገሮችን ያካተተ ጥናት በኢንተርኔት ከተጠየቁት ዐዋቂዎች መካከል ከመቶ 4 የሚሆኑት መስፈርቱን እንደሚያሟሉ አመልክቷል። በሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ ይበዛል። ሕመሙ ለሞት የሚያበቃ አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ሆኖም ሰውን ከሥራው፣ ከማኅበራዊ ኑሮውና ከአገልግሎቱ ያስቀራል። ከቅዳሴ መካከል ለመውጣት እገደዳለሁ ብሎ የሚሠጋ ካህን፣ መጸዳጃ ቤት በሌለበት ስፍራ ረጅም ሰዓት መቆም የምትፈራ እናት ሕመማቸውን ለማንም ሳይናገሩ ቀስ በቀስ ከጉባኤ ይርቃሉ። ሌላው ሰው ግን ስንፍና ወይም የእምነት መቀዝቀዝ አድርጎ ሊተረጉመው ይችላል።

አስቀድሞ መመርመር

ስለ እንቅልፍ ከመነጋገራችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ እናስቀድም። በአካባቢያችን ጃርዲያ፣ አሜባ፣ የመንጠቆ ትልና ሌሎችም የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስያን ይገኛሉ። ስለዚህ ሆዱን የሚያመው ሰው ሁሉ «እንቅልፌ ተዛብቶ ነው» ብሎ መቀመጥ የለበትም። አስቀድሞ በጤና ጣቢያ ሊመረመር ይገባዋል።

በተለይ የሚከተሉት ምልክቶች ያሉበት ሰው ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ አስፈላጊም ሲሆን ወደ ደባርቅ ሆስፒታል ወይም ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይላክ፦

• ከዓይነ ምድር ጋር ደም ሲታይ ወይም ዓይነ ምድሩ እንደ ቅጥራን ሲጠቁር፤
• ያለ ምክንያት ክብደት ሲቀንስ፤
• ትኩሳት፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም የደም ማነስ ሲኖር፤
• በሆድ ውስጥ የሚዳሰስ እብጠት ሲገኝ፤
• ሕመሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረው ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ ሲሆን፤
• በቤተሰብ ውስጥ የአንጀት ካንሰር ያለበት ሰው ሲኖር፤
• ተቅማጡ ወይም ቁርጠቱ ሰውየውን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ሲሆን።

የመጨረሻው ምልክት ከርእሳችን ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ ልብ ሊባል ይገባል። የአንጀት መቆጣት ያለበት ሰው ከነቃ በኋላ ሆዱ ቢያውከውም፣ በአብዛኛው ተኝቶ ሳለ ሕመሙ ራሱ አይቀሰቅሰውም። ስለዚህ «ሆዴ ከእንቅልፌ ያባንነኛል» የሚል ሰው ሌላ ሕመም እንዳይኖርበት መታየት አለበት።

በሌላ በኩል፣ ምርመራው ምንም ሳያሳይ ወይም ጥገኛ ተሕዋስያኑ ከታከሙ በኋላ ሕመሙ የሚቀጥልባቸው ብዙዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች «አሜባው አልለቀቀኝም» በማለት ያለ ምርመራ ሜትሮኒዳዞል ደጋግመው ይገዛሉ፤ ኮሶና ፌጦም ይደጋግማሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 በኖርዌይ በርገን ከተማ የመጠጥ ውኃ በጃርዲያ ተበክሎ ብዙ ሰው ታሞ ነበር። ከ3 ዓመት በኋላ በተደረገው ጥናት፣ በጃርዲያ ታመው ከነበሩት መካከል ከመቶ 46 ያህሉ የአንጀት መቆጣት ምልክት ሲኖራቸው፣ ካልታመሙት ዘንድ ግን ምልክቱ የተገኘው ከመቶ 14 ያህሉ ላይ ነው። እንግዲህ ተሕዋሲው ከጠፋ በኋላም አንጀት ለረጅም ጊዜ ስሜታዊ ሆኖ ሊቆይ ይችላል ማለት ነው። እንዲህ ላለው ሰው የሚያስፈልገው ያንኑ መድኃኒት መደጋገም ሳይሆን የተቆጣውን አንጀት የሚያረጋጋ አኗኗር ነው። ንጹሕ ውኃና የእጅ መታጠብ ልማድም የዛሬን ተቅማጥ ብቻ ሳይሆን የነገን የአንጀት መቆጣት እንደሚከላከሉ ከዚህ እንረዳለን።

ሆድና አእምሮ

አባቶቻችን የሆድንና የስሜትን ዝምድና በቋንቋቸው አስቀምጠውልናል። የተጨነቀ ሰው «አንጀቴ ተላወሰ» ይላል፤ የረካ ሰው «አንጀቴ ራሰ» ይላል፤ ያዘነ ሰው ሆዱ ይባባል፤ ታጋሽ ሰው ሆደ ሰፊ ይባላል። ይህ የአነጋገር ጌጥ ብቻ አይደለም። አንጀት በግድግዳው ውስጥ የራሱ የነርቭ መረብ አለው፤ ያም መረብ ከአእምሮ ጋር ሌት ተቀን መልእክት ይለዋወጣል። በስሜትና በአንጀት እንቅስቃሴ ላይ ሥራ ያለው ሴሮቶኒን የተባለው ንጥረ ነገርም በሰውነታችን ውስጥ ካለው ከመቶ 90 በላይ የሚሆነው በአንጀት ውስጥ ይገኛል።

በአንጀት መቆጣት ጊዜ የሚታወከው ይህ የአእምሮና የአንጀት ምልልስ ነው። ጤነኛ ሰው የማይሰማው መጠነኛ ነፋስ ወይም እንቅስቃሴ ለሕመምተኛው እንደ ብርቱ ቁርጠት ይሰማዋል። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ «በሐሳብህ ነው» ተብሎ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ምንጩ ቁስል ሳይሆን የመልእክቱ መዛባት ስለሆነ፣ አእምሮን የሚያሳርፍ ሁሉ አንጀትንም ያሳርፋል። ከሚያሳርፉትም ሁሉ የሚቀድመው እንቅልፍ ነው።

አንጀትም ሰዓት አለው

በአእምሯችን ውስጥ በብርሃንና በጨለማ የሚመራ የሰውነት ሰዓት አለ። አንጀትም በምግብ ጊዜ የሚመራ የራሱ ሰዓት አለው። ሌሊት ስንተኛ ትልቁ አንጀት ጸጥ ይላል። ማለዳ ስንነቃ እንቅስቃሴው ይጀምራል፤ የመጀመሪያውን ምግብ ስንቀምስ ደግሞ ይበረታል። ብዙ ሰው ጠዋት የሚጸዳዳው ስለዚህ ነው።

የመኝታና የምግብ ሰዓት በየቀኑ ሲለዋወጥ እነዚህ ሁለት ሰዓቶች ይለያያሉ። በአንድ መንደር ያሉ ሁለት አጥቢያዎች ደወላቸውን በተለያየ ጊዜ ቢደውሉ ምእመኑ ወዴት እንደሚሄድ ግራ እንደሚጋባ፣ አንጀትም መቼ እንደሚሠራ መቼ እንደሚያርፍ ግራ ይጋባል። ውጤቱም ድርቀት፣ ድንገተኛ ተቅማጥ ወይም መነፋት ሊሆን ይችላል።

ከዚህም ሌላ እንቅልፍ ያጣ አካል ሕመምን የመቻል አቅሙ ይቀንሳል። በደህና የተኛ ሰው የሚታገሠው ቁርጠት እንቅልፍ ላጣው ሰው ይበረታበታል። የአንጀት መቆጣት ባለባቸው ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በእነርሱ በራሳቸው ግምት ክፉኛ ያደረ ሌሊት በማግሥቱ የሆድ ሕመምንና ድካምን እንደሚያብስ አሳይቷል። ነገሩም በሁለት ወገን የሚሄድ ነው፤ የቀን ቁርጠትና ጭንቀት ሌሊቱን ያውካል፤ የታወከው ሌሊት ደግሞ የነገውን ቁርጠት ያብሳል። ሕመምተኛው ከዚህ ዙሪያ እንዲወጣ አንዱን ጫፍ መያዝ ያስፈልገዋል። በድሃ ቤትም እንኳ በቅድሚያ ሊያዝ የሚችለው ጫፍ እንቅልፍ ነው፤ ያለ ገንዘብ የሚጀመር ነውና።

በፈረቃ ከሚሠሩ ሰዎች የምንማረው

ሌሊት የሚነሣ ሁሉ ሆዱን ይታመማል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በሚሺጋን 399 ነርሶችን በሦስት ወገን ከፍሎ ተመልክቷል፤ ሁልጊዜ ቀን የሚሠሩ፣ ሁልጊዜ ሌሊት የሚሠሩና ቀንና ሌሊት እየተፈራረቁ የሚሠሩ። የአንጀት መቆጣት ምልክት ከሁሉ የበዛው በሚፈራረቁት ዘንድ ነበር፤ ከእነርሱ ከመቶ 48 ያህሉ ላይ ሲገኝ፣ ቀን ብቻ ከሚሠሩት ግን ከመቶ 31 ያህሉ ላይ ተገኝቷል። ጥናቱ ዝምድናን እንጂ ብቸኛ ምክንያትን አያረጋግጥም። ሆኖም አንጀትን ከሌሊት መንቃት ይልቅ ሥርዐት የሌለው መለዋወጥ እንደሚያውከው ይጠቁመናል።

ይህ ለእኛ ትልቅ ትርጉም አለው። የሌሊቱን አገልግሎት መተው አንችልም፤ ልንተወውም አይገባም። በሌሊቱ ዙሪያ ያሉትን ሰዓታት ግን በሥርዐት ማስያዝ እንችላለን። የዚህ ትምህርት ዋና ቁም ነገርም ይኸው ነው፤ ሌሊቱን ለአገልግሎት የሰጠ ሰው የቀረውን ዕረፍቱን ለአጋጣሚ አይተወው።

በአካባቢያችን እንቅልፍን የሚሰብሩ ነገሮች

የመጀመሪያው የአገልግሎቱ ጠባይ ነው። በበዓላት ማኅሌት ይቆማል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት 40 ቀናት ውስጥ በየሳምንቱ ከቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ማኅሌተ ጽጌ ይደርሳል። በሰሞነኛነት የገባ ካህን ሳምንቱን በአገልግሎት ሲያሳልፍ ሰሞኑን እንደጨረሰ በቀጥታ ወደ እርሻው ይመለሳል። አቋቋም ለመማር ወደ ጎንደር የሚመጣው የአብነት ተማሪም ሌሊቱን ዜማ ሲያጠና ያመሻል፤ ቀኑን በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ይለምናል፤ የሚበላበትም የሚተኛበትም ሰዓት የተወሰነ አይደለም።

ሁለተኛው የቤቱ ሁኔታ ነው። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ከእርሷ በላይ በጃናሞራና በበየዳ ያሉት ቀበሌዎች ከዚህም ይበርዳሉ። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ውርጩ ይበረታል። ቅዝቃዜው፣ የምድጃው ጢስ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩት ከብቶች፣ ቁንጫውና ትኋኑ እንቅልፍን ይቆራርጣሉ። ሰው ስምንት ሰዓት ተጋድሞ አራት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ሊነሣ ይችላል።

ሦስተኛው ምግብና መጠጥ ነው። ጾም የዋለ ሰው ማታ በአንድ ጊዜ ብዙ በልቶ ወዲያው ይተኛል። ሽሮ፣ ባቄላና አተር ጠቃሚ ምግቦች ናቸው፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ ሲበዙ ነፋስ ስለሚፈጥሩ የተቆጣ አንጀት ያላቸውን ሰዎች ያውካሉ። የማታ ቡናም እንቅልፍን ያባርራል፤ በቡና ውስጥ ያለው ካፌን ከጠጣነው ከ5 ሰዓት በኋላም ግማሽ ያህሉ በደማችን ውስጥ ይኖራል። ጠላና አረቄ ቶሎ የሚያስተኙ ቢመስሉም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን እንቅልፍ ይሰብራሉ፤ አንጀትንም ያስቆጣሉ።

አራተኛው ሥጋት ነው። ባለፉት ዓመታት በደረሰው ግጭትና መፈናቀል ብዙ ቤተሰብ ጆሮውን ለውጪ ድምፅ ሰጥቶ ማደርን ለምዷል። የልጆቹ ነገር፣ የእህል ዋጋ፣ የማዳበሪያ ዕዳ ሌሊት ሌሊት ይነሣበታል። እንዲህ ያለው ሰው ሆዱን ሲታመም የሚያስፈልገው መድኃኒት ብቻ ሳይሆን የሚያዳምጠው ሰውም ነው። በዚህ የንስሐ አባት ድርሻ ታላቅ ነው።

ማኅሌት የሚቆም አገልጋይ ሳምንት

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። ሁለት መሪጌቶች በጽጌ ወራት ያገለግላሉ እንበል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ገበያ ውሎ ማታ ይመለሳል። እንቅልፍ እንዳይወስደው ከራት በኋላ ቡና ይጠጣል፤ ሳይተኛም ወደ ማኅሌት ይሄዳል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዝክር ቤት በባዶ ሆዱ ብዙ በልቶና ጠላ ጠጥቶ እስከ ማታ ይተኛል። ማታ እንቅልፍ እምቢ ይለውና እስከ እኩለ ሌሊት ይቆያል። ሰኞ አርፍዶ ይነሣል፤ ቁርስ ሳይቀምስ ወደ ማሳ ይሮጣል። ማክሰኞ ሆዱ ይነፋል፤ ይቆርጠዋል። ረቡዕ ትንሽ ሲሻለው ቅዳሜ ተመልሶ ይመጣል።

ሁለተኛው ቅዳሜ ከገበያ በጊዜ ይመለሳል። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ቡና አይጠጣም። ቀለል ያለ ራት በጊዜ በልቶ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ይተኛል፤ ማኅሌት ሲደርስ ሦስት አራት ሰዓት ዐርፎ ይነሣል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጀመሪያ ትንሽ ይቀምሳል፤ ቆየት ብሎ ይጨምራል። እኩለ ቀን አካባቢ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ያህል ይተኛና ከ9 ሰዓት በፊት ይነሣል። ማታ ከወትሮው ጥቂት ቀደም ብሎ ይተኛል፤ ሰኞ በተለመደው ሰዓት ይነሣል፤ በተለመደው ሰዓትም ቁርሱን ይበላል።

ሁለቱም አንድ ዓይነት ማኅሌት ቆመዋል። ልዩነታቸው ከማኅሌቱ በፊትና በኋላ ባሉት ሰዓታት ነው። ሁለተኛው ከሕመም ሁሉ ይድናል ብለን ቃል አንገባም፤ ነገር ግን የአንጀቱ ሰዓት ከአንድ ቀን በላይ አይዛባበትም።

ለእያንዳንዱ ሰው የሚሆን ምክር

1. የመነሻ ሰዓትን መወሰን። የሌሊት አገልግሎት በሌለባቸው ቀናት ሁሉ በአንድ ሰዓት መነሣት። የመኝታ ሰዓት ቢለዋወጥ እንኳ የመነሻው ሰዓት ከጸና የሰውነት ሰዓት በቶሎ ይስተካከላል። ዐዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል።

2. የጠዋት ብርሃን። እንደነቁ ወደ ደጅ ወጥቶ ብርሃን ማየት። ማታ ደግሞ የእጅ ስልክን ከመኝታ ማራቅ።

3. የምግብ ሰዓት። ጾም ባልሆነ ጊዜ የመጀመሪያውን ምግብ በተወሰነ ሰዓት መብላት። የመጨረሻውን ምግብ ከመኝታ 2 ወይም 3 ሰዓት በፊት መጨረስ። በጾም ወራት በአጥሚት ወይም በሌላ ቀላል ነገር ጀምሮ ቆይቶ ዋናውን ምግብ በልክ መውሰድ። ባቄላና ሽምብራን ዘፍዝፎ አሳድሮ ውኃውን ደፍቶ መቀቀል ነፋሱን ይቀንሳል። ድርቀት ላለበት ሰው በውኃ የተበጠበጠ ተልባ ይረዳል።

4. ያልተቻኮለ መጸዳዳት። ከመጀመሪያው ምግብ በኋላ ጥቂት ጊዜ ሰጥቶ ወደ መጸዳጃ ቤት መሄድ። ስሜቱ ሲመጣ እየገፉ መቆየት ድርቀትን ያመጣል።

5. መኝታን ማጽዳት። ልብስና ቁርበትን ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ወለሉን ማጽዳት፣ በተቻለ መጠን ከብቶችን ከመኝታ ቤት መለየት፣ ከመኝታ በፊት ጢሱን ማስወጣት።

6. የ2 ሳምንት መዝገብ። የተኙበትንና የነቁበትን ሰዓት፣ የበሉትን፣ ሆድ የታመመበትን ቀን በደብተር መጻፍ። መጻፍ ለማይችል የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ ሊጽፍለት ይችላል። ይህ መዝገብ ሕመሙ ከየትኛው ልማድ ጋር እንደሚሄድ ለሕመምተኛውም ለሐኪሙም ያሳያል።

ለውጡን ለማየት ቢያንስ አንድ ወር መታገሥ ይገባል። በሕመም ምክንያት ጾሙን እንደ ወትሮው መጾም ያልቻለ ሰው በራሱ ከመወሰን ወይም ሕመሙን ደብቆ ከመሰቃየት ይልቅ ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር ይመካከር። ጸበል የሚጠመቅ ሕመምተኛም የሐኪሙን መድኃኒት እንዳይጥል ካህናት ሊያስረዱት ይገባል። በኤች አይ ቪ ጉዳይ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ ቤተ ክርስቲያናችን አስተምራለች፤ በሆድ ሕመምም እንዲሁ ነው።

የሰበካ ጉባኤ ድርሻ

አንዳንዱን ነገር ግለሰብ ብቻውን ሊያደርገው አይችልም። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤያት የሚከተሉትን እንዲመለከቱ እናሳስባለን።

አንደኛ፣ የሰሞነኞችና የማኅሌት ተራ አስቀድሞ ተጽፎ ይታወቅ። ተራው በድንገት ሲለወጥ የካህኑ እንቅልፍም የቤቱ ኑሮም ይዛባል። ሰሞኑን ለጨረሰ ካህን ወደ ከባድ ሥራ ከመግባቱ በፊት አንድ ቀን ዕረፍት እንዲያገኝ ቢመቻች መልካም ነው።

ሁለተኛ፣ ማኅሌት ባደረ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ረጅም ስብሰባ አይጠራ። ሌሊቱን ሙሉ የቆመ አገልጋይ በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገው ጥቂት ምግብና ዕረፍት ነው። ጉባኤውም በደከመ አእምሮ የተሻለ ውሳኔ አይወስንም።

ሦስተኛ፣ ከቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ውጭ በአመቺ ስፍራ የወንዶችና የሴቶች መጸዳጃ ቤት ከእጅ መታጠቢያ ጋር ይሠራ። መጸዳጃ ቤት በአቅራቢያው መኖሩን የሚያውቅ ሕመምተኛ ሥጋቱ ይቀልለታል፤ ሥጋቱ ሲቀልም ሆዱ ይረጋጋል። ከተላላፊ በሽታም ምእመኑን ሁሉ ይጠብቃል።

አራተኛ፣ የአብነት ተማሪዎች ማደሪያ ይጎብኝ። ደረቅ ወለል፣ የሚለበስ ብርድ ልብስ፣ ሳሙናና ንጹሕ ውኃ መኖሩ ይታይ። ከመምህራኑም ጋር በመመካከር ተማሪው የሚተኛበት የተወሰነ ሰዓት ይኑረው። እንቅልፍ ያጣ ተማሪ ያጠናውንም ቶሎ ይረሳል።

አምስተኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በዓመት ጥቂት ጊዜ በጉባኤው ላይ ተገኝታ እንድታስተምር ትጋበዝ። እናቶች ከሁሉ ቀድመው ተነሥተው ከሁሉ ኋላ ስለሚተኙ የቤት ሥራ ክፍፍልም የትምህርቱ አካል ይሁን። ውኃ ከሚቀዳው፣ እንጨት ከሚሰብረው እጅ ጥቂቱን የቤቱ ወንድ ቢካፈል የእናቲቱ ሌሊት ይረዝማል።

ነቢዩ ኤልያስ ደክሞት ከዛፍ ሥር በተኛ ጊዜ፣ የተላከለት መልአክ አስቀድሞ የቀሰቀሰው ሊገሥጸው አልነበረም፤ እንዲበላና እንዲጠጣ ነበር። ነቢዩም በልቶ እንደገና ተኛ፤ ለሁለተኛ ጊዜም ተቀስቅሶ ከበላ በኋላ ረጅሙን መንገድ ሄደ። እንቅልፍና ምግብ በጊዜያቸው ሲሆኑ ለአገልግሎት ስንቅ እንጂ ዕንቅፋት እንዳልሆኑ ከዚህ ታሪክ እንማራለን።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን «ጨጓራ» በሚል ስም ሕመማቸውን ተሸክመው ያልተመረመሩ አገልጋዮች አሉን? ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ እንዴት እንርዳቸው?
2. በሚቀጥሉት 3 ወራት የሌሊት አገልግሎት የሚደረግባቸው ቀናት የትኞቹ ናቸው? ከእነርሱ በማግሥቱ የያዝነው ስብሰባ ወይም ሥራ ወደ ሌላ ቀን ሊዛወር ይችላል?
3. ከቤተ ክርስቲያናችን ቅጽር አቅራቢያ መጸዳጃ ቤትና የእጅ መታጠቢያ አለ? ከሌለ በአጥቢያው አቅም ምን ሊጀመር ይችላል?
4. የአብነት ተማሪዎቻችን ስንት ሰዓት ይተኛሉ? በምን ላይስ ይተኛሉ?

ልዑል እግዚአብሔር አገልጋዮቹን በጤናና በትጋት ይጠብቅልን። አሜን።